ሁለት ቁልፍና አንዲት ደሴት

በላይነሽ ሰብስቤን ሦስት ጊዜ እንቢ ብላዋለች፤ ሁለቱን ፊት ለፊት፣ አንዱን በሽማግሌ። ታዲያ ጠልታው እንዳይመስላችሁ። እንዴት አድርጋ ትጥላው! ሰውየው ከጋራዥ ወጥቶ ግራሶ የጠገበ እጁን በሳሙና ፈትጎ ፈትጎ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ በደጃፏ ሲያልፍ፣ ገና ኮቴውን ስትሰማ እግሯ የሲንጀር ስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ ያቆማል። ናዝሬት ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ቢኖር ራሱ ሰብስቤ ብቻ ነበር።

ነገሩ የቤት ነገር ነው። የቀበሌ ቤት።

ያን ጊዜ፣ ለማያስታውስ ልንገርና፣ ትርፍ ቤት ሁሉ ተወርሶ የቀበሌ ሆኗል። አንድ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት የቀበሌ ቤት መያዝ አይችልም። ሁለት ቤት ያላቸው ሰዎች ከተጋቡ የአንዱን ቁልፍ ያስረክባሉ። የትኛውን እንደሚለቁ ቀድመው በማመልከቻ ካሳወቁ ደህና፤ ካላሳወቁ ግን የእነበላይነሽ ቀበሌ የቤት ጉዳይ ኮሚቴ ያለ ብዙ ክርክር የሴቲቱን ቤት ይረከባል። የቤተሰብ ኃላፊው ባል ነዋ! ጎረቤቷ አበበች ይኸው ነው የደረሰባት። ለሠርጓ አሰላ ሄዳ በሳምንቱ ስትመለስ መስኮቷ ላይ የሰው መጋረጃ ተሰቅሎ ጠበቃት።

በላይነሽ ቤት ማጣት ምን እንደሆነ ከማንም የበለጠ ታውቃለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የዳሯት ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ማለዳ ልብሷን በነጠላ ጠቅልሎ ደጅ አስቀመጠና በሩን ዘጋባት። ምክንያቱን እንኳ አልነገራትም። ከዚያ ወዲያ ስድስት ዓመት አክስቷ ቤት ኮሪደር ላይ ተኛች፤ ሰው ባለፈ ቁጥር እግሯን እየሰበሰበች። ቀበሌ ተቋቁሞ አንድ ክፍል ተኩል ቤት ሲደርሳት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ገብታ በሩን ከውስጥ መቆለፍ ነበር። ቆለፈችና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ግድግዳውን በገዛ እጇ ለሰነች፣ ኖራ ቀባች፣ ከጓሮው ፓፓያ ተከለች። አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞልቷታል፤ ቀን በልብስ ሰፊዎች ማኅበር የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ ማታ ማታ ቤቷ የጎረቤት ልብስ ትጠግናለች። ይህን ቤት ለወንድ ብላ ልትለቅ? የማይመስል ነገር።

ሰብስቤም የዋዛ አይደለም። በዚያው ቀበሌ ከባቡር ሐዲዱ ወዲያ ሁለት ክፍል ቤት አለው። ቤቱን እንኳ ይሁን፤ እሱ የሚፈራው ወሬውን ነው። ሚስቱ ቤት ገባ መባልን ከሞት አብልጦ ይፈራል። ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያደረገ አንድ በያጅ ነበር፤ የእናት የአባቱ ስም ከቀረ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ “ሙሽሪት” ነው የሚሉት። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ ስሙን ያወጣለት ራሱ ሰብስቤ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው በምን አፉ እሺ ቤትሽ እገባለሁ ይበላት? ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ቁልፏን፣ እሱ ቁልፉን እንደያዙ ተፋጠው ኖሩ።

የደሴቲቱን ሐሳብ ያመጣው እሱ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ካሉት ደሴቶች አንዲት ትንሽ አለች፤ የሐይቁ ሰዎች የራሳቸውን ስም አውጥተውላታል፣ የናዝሬት ሰው ግን ተጋቢ ሁሉ ወደዚያ ስለሚሮጥ “ጫጉላ” ይላታል። ደርሶ የመጣ ሁሉ ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁ ዝቅ ይላል። መብራት የላት፣ መኪና የላት፣ ሆቴል የላት፤ ድምፅ ማጉያ የላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስብሰባ የላትም አሉ። ሰብስቤ አንድ ምሽት ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ እሁድን ሄደን ውለን እንምጣ፣ ምንም አልጠይቅሽም፣ ዝም ብለን እንያት አላት። በላይነሽም ድንጋይ አይደለችም። እሺ አለችው።

ለመሄድ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ከእሁዱ ስብሰባ ለመቅረትም፣ ኬላ ለማለፍም፣ ጀልባ ለመሳፈርም። እሱን ሰብስቤ አጻፈ። ደረሰ ወይ ብላ ስትጠይቀው የኮቱን ደረት ኪስ መታ መታ አደረገና ማኅተሙ እንዳረፈበት ነገራት። ማኅተም ካረፈ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ነው። በአሥራ ሁለት ሰዓቱ አውቶቡስ ተሳፍረው ሞጆ ኬላ ሲደርሱ ሚሊሺያው ደብዳቤውን አነበበ፣ ሁለቱንም አየት አየት አደረገ፣ ይቅናችሁ ብሎ መለሰላቸው። በላይነሽ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው አለች በልቧ። ዓለም ጤና ላይ ቲማቲም በቅርጫት የያዙ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት፤ ሰብስቤ ሁለት ገዛላትና በመሐረቡ ጠርጎ ሰጣት። መቂን አልፈው ዝዋይ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

ሐይቁ ዳር የቆመው ጠባቂም ደብዳቤውን አይቶ ፊቱ ፈካ። እትዬ፣ ቀስ ብለው ይግቡ፣ መጀመሪያ ባለቤትዎ ይሳፈሩና እጅዎን ይያዙልዎ አላት። በላይነሽ ፊቷ በአንዴ ጋለ። ግን እዚያ ሰው ፊት ባሌ አይደለም ብትል፣ ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ ነው የሚከተለው። ምላሷን ነከሰችና ዝም አለች። ሰው ወንድና ሴት አብሮ ካየ ሌላ ምን ይገምታል ብላም ራሷን አጽናናች።

ጀልባዋ ከደንገል ታስራ የተሠራች ናት፤ ቀዛፊዋ ሽማግሌው መርዳሳ። አካም ቡልተኒ፣ እንዴት አደራችሁ ብለው ተቀበሏቸውና፣ ውሃ በሥር በኩል ትንሽ ትንሽ ይገባል፣ አትደንግጡ፣ ታሰርጋለች እንጂ አትሰጥምም አሏቸው። እንዴት ያለ ማጽናኛ ነው! ሃያ ቶን የሚሸከም መኪና ሥር ተኝቶ የሚውለው ሰብስቤ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። በላይነሽ ስታየው ሳቋ መጣ፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ አልሆነላትም፣ በሐይቁ መሐል ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ስንት ዓመቷ ነው? ራሷም አላስታወሰችውም። ትንሽ ቆይቶ መርዳሳ መቅዘፊያቸውን አነሱና ዝም በሉ በሚል እጃቸውን አወጡ። አንድ ጉማሬ ከፊታቸው ጆሮውን እያርገበገበ እስኪያልፍ ሦስቱም ትንፋሻቸውን ዋጡ። ያን ጊዜ ሰብስቤ የጀልባዋን ጠርዝ ትቶ የበላይነሽን እጅ ነበር የያዘው። ጉማሬው ካለፈም በኋላ አልለቀቀውም፤ እሷም አላስለቀቀችውም።

ደሴቲቱ በእርግጥም ወሬዋን ታህላለች። ዙሪያዋን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከውሃው ዳር ጀምሮ ሾላ ነው፤ ከሾላው ላይ ወፍ ነው፤ ከወፉ በላይ ሰማይ ነው፤ ሌላ ነገር የለም። ሦስት አራት የሣር ቤት አለ። የመርዳሳ ሚስት ጉዲቱ ወደ ውሃው ዳር ወርደው ተቀበሏቸው፤ ሁለቱንም አገላብጠው ስመው፣ ሙሽሮቼ እንኳን ደህና መጣችሁ አሏቸው። በላይነሽ አሁንም ዝም አለች። እንደውም እዚህ ዝም ማለቱ እንደ ሐይቁ ዳሩ አልከበዳትም።

ከሾላው ሥር ሰሌን አነጠፉላቸው። ያን ጠዋት የተያዘ ቆሮሶ ዓሣ በፍም ተጠብሶ፣ ከትኩስ የበቆሎ ቂጣና ከተደቆሰ ቃሪያ ጋር መጣ። በላይነሽ ዓሣ አትወድም ነበር፤ ሁለት ጨረሰች። ሰብስቤ አጥንቱን እየለቀመ ሥጋውን በእሷ በኩል ይገፋል፤ እሷ ደግሞ እያየች እንዳላየች ትበላለች። ከዚያ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራሸሩ ወሬ ያዙ። እሱ ስለ እናቱ፣ እሷ ስለ አክስቷ። ስለ ቤት አንድም ሰው ቃል አልተነፈሰም። እንዳለው ምንም አልጠየቃትም። በላይነሽ በልቧ፣ ይህ ሰው ክፉ አይደለም፣ ከዚህ ሰው ጋር ማርጀት ይቻላል አለች፤ ቢጠይቀኝ ዛሬ እሺ ሊያመልጠኝ ይችላል ብላም ፈራች።

ሰብስቤ ከሰሌኑ ጫፍ ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወሰደው። በጀልባው ውሃ የራሰ ኮቱን ቅርንጫፍ ላይ ሰቅሎት ነበርና ነፋሱ ሲያገላብጠው የደረት ኪሱ ገበር ተተርትሮ ታያት። ልብስ ሰፊ አይደለች? የተተረተረ ነገር አይታ አታልፍም። ክር የተሰካበት መርፌ ሁልጊዜ ከቀሚሷ አንገትጌ ሥር አይጠፋም። ኮቱን አወረደች፣ ለስፌቱ እንዲመቻት ኪሱ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አወጣች፣ እርጥብ ስለሆነም ሰሌኑ ላይ ዘርግታ ድንጋይ ጫነችበት። እየሰፋች ወረቀቱ መድረቁን ስታይ ነው ፊደሉ ራሱ ዓይኗ ውስጥ የገባው።

“ጓድ ሰብስቤ ከባለቤታቸው ከጓድ በላይነሽ ጋር” ይላል። ይሁን፣ እሱስ ይሁን። ከማኅተሙ በታች ግን አንዲት መስመር አለች፦ “ግልባጭ፦ ለቤት ጉዳይ ኮሚቴ፣ አዲስ ተጋቢዎች ስለሆኑ በሰኞው ስብሰባ እንዲታይ።”

መርፌው ጣቷን ወጋት። አልታወቃትም።

ሰብስቤን በእግሯ ነካ አድርጋ ቀሰቀሰችውና ወረቀቱን አፍንጫው ሥር ያዘችለት። ይሄ ምንድን ነው አለችው፤ ድምፅዋ አልጮኸም፣ ባይጮህ ነው የሚብሰው። እሱ ጣቱን ከመስመሩ በታች እያስኬደ ቀስ ብሎ አነበበ። ከማኅተሙ በታች ሲደርስ ጣቱ ባለበት ቆመ። ማንም በዚያ ዘመን እንደሚያደርገው ማኅተሙን አይቶ ነበር ደብዳቤውን ያጠፈው፤ ከሥሩ ማን ያነባል?

ቃላቱ እየተደናቀፉበት አስረዳት። የቀበሌው ጸሐፊ ራህመቶ፣ ላልተጋቡ ወንድና ሴት የጋራ ደብዳቤ መጻፍ አልችልም ብሎት ነበር። እሱም ባለቤቴ ናት አለ። ራህመቶ ከወንበሩ ተነስቶ እጁን ጨበጠው፣ እንኳን ደስ ያለህ አለው፤ ውለታ የዋለ መስሎትም ነገሩን ለኮሚቴው አሳለፈው።

“ባለቤቴ ስል ቃሏ ጣመችኝ” አላት። “መልሼ ላጠፋት አልፈለግሁም። ቤትሽ ግን በእናቴ እምላለሁ፣ በልቤ አልነበረም።”

በላይነሽ የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም። ነገ ሰኞ ነው። ነገ ማታ ያን አንድ ክፍል ተኩል ለሌላ ሰው ይመሩታል፤ እሷ ደግሞ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ጥቅልሏን ይዛ ደጅ ትቆማለች። ኮቱን ከነመርፌው ወረወረችለትና ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች። እሱን የማታይበት ቦታ ነበር የፈለገችው። ለራሷ እየተናገረች፣ በውሃው ዳር ስትገሰግስ ስትገሰግስ ብዙም ሳይቆይ ከፊቷ አንድ ሾላ፣ ከሾላው ሥር አንድ ሰሌን፣ ከሰሌኑ ላይ ሰብስቤ ብቅ አለ። ዞራ እዚያው ነው የመጣችው! እንደዚያች ባለች ደሴት ተኳርፎ የሚኬድበት የለም። በሌላው በኩል እንዳትዞርም እግሯ ደክሟል። ሰብስቤ ወረቀቱን እንደያዘ ንቅንቅ አላለም። ዓይኑ ቀልቷል።

በላይነሽ ከሰሌኑ ወዲያኛው ጫፍ ተቀመጠች።  እሱ ወረቀቱን አጠፈና ሁለት መንገድ ነው ያለው አላት። አንዱ ነገ ጠዋት ራህመቶ ዘንድ ሄዶ ዋሽቻለሁ፣ አልተጋባንም ማለት ነው። ቀበሌን አታለልክ ብለው ሳምንት ሁለት ሳምንት ያስሩት ይሆናል፤ ቢሆንም ቤቷ አይነካም። እታሰራለሁ፣ ምንም አይደል አለ።

“ሌላውስ?” አለችው።

እሱ ውሃውን አየ፣ እጁን አየ።

“ሌላው ነገ ከስብሰባው በፊት አመልክተን እኔ የኔን ቁልፍ ማስረከቤ ነው።”

በላይነሽ ቀና ብላ አየችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን ቃል ስትጠብቅ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ እንኳ ከአፉ ማውጣት አልቻሉም። ጋራዥ ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ አይደል ስትለው አውቃለሁ አለ። ስም ያወጡልሃል አለችው። እዚያ ቤት ስም የማወጣው እኔ ነኝ፣ ለራሴም አወጣለሁ አላት። ሊቀልድ ሞክሮ ነበር፤ ሳቅ ግን አልመጣለትም። ምንም አልጠይቅሽም ብዬ ነው ያመጣሁሽ፣ አሁንም አልጠይቅሽም፣ የቱን አድርግ የምትዪኝ አንቺ ነሽ አላት። 

እሷም ተነስታ ወደ ጉዲቱ ቤት ሄደችና፣ እማማ፣ ወረቀት አይጠፋም አለቻቸው።

ወረቀትስ ነበር። ጉዲቱ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠሩ ገና ዓመታቸው ነው፤ ደብተራቸውን ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ይልቅ ያከብሩታል። ከመሐሉ አንድ ቅጠል በጥንቃቄ ገንጥለው ከእስክሪብቶ ጋር ይዘው መጡ። ሰው እዚህ የሚመጣው ሊሳሳም ነው፣ እናንተ ማመልከቻ ትጽፋላችሁ እንዴ ብለው አላገጡባቸው። በላይነሽ ጉልበቷ ላይ ደብተሩን አድርጋ ጻፈች። ከጓድ በላይነሽ ጋር ስለተጋባን፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ በስሜ የተመዘገበውን ቤት በገዛ ፈቃዴ አስረክባለሁ፣ የባለቤቴ ቤት ለጋራ መኖሪያችን እንዲጸናልን አመለክታለሁ። እየጻፈች ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሰብስቤ በእያንዳንዱ ቃል ራሱን ይነቀንቃል። “ስለተጋባን” የምትለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ትንሽ ሰለለ።

እሱ ፈረመ። እሷ ፈረመች። ማመልከቻ ያለ እማኝ ዋጋ የለውምና መርዳሳና ጉዲቱ ተጠሩ። መርዳሳ ፊደል መማሩን ሲሸሹት ስለኖሩ አውራ ጣታቸውን ከድስት ሥር ጥቀርሻ ነክረው አሳረፉ። ጉዲቱ ጣት አልነክርም አሉ። ምላሳቸውን ወደ ጥግ አውጥተው “ጉ” ን ጻፉ፣ አርፈው ላባቸውን ጠረጉ፣ “ዲ” ን ጻፉ፣ ሦስተኛዋ ላይ እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ደረሰ። ሌሎቹ ሦስቱ አንገታቸውን አስግገው ነበር የጠበቁት። ከዚያ ጉዲቱ ቀና ብለው፣ እኔ ምስክር በሆንኩበት ጋብቻ ማንም አይፋታም አሉ። የጋብቻ ወረቀት አይደለም፣ የቤት ማመልከቻ ነው ያላቸው ሰው አልነበረም።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ ጀልባዋ ተመለሰች። በላይነሽ ማመልከቻውን አጥፋ አጥፋ ውሃ እንዳይደርስበት ከደረቷ ሥር ወሸቀችው። ሰብስቤ ከፊቷ ተቀምጧል፤ ከመሳፈራቸው በፊት ኪሱን ሰፍታ ጨርሳለታለች፣ እሱ ግን አንገቱን ደፍቷል። ነገ ጋራዥ የሚጠብቀውን እያሰበ እንደሆነ ገባት። ደግሞ ሌላም ነገር ገባት። ከጠዋት ጀምሮ ይህ ሰው ቤቱን ሰጥቷል፣ ስሙን ሰጥቷል፣ ሳምንት እስርም ሊሰጥ ነበር፤ ከእሷ አፍ ግን እስካሁን አንዲት እሺ አልሰማም። የጻፈችው ማመልከቻ ነው፤ ማመልከቻ ደግሞ ለኮሚቴ ነው የሚጻፈው።

እሺ ልትል አፏን ከፈተች፣ አፈረች፣ ዘጋችው። በልቧ ክፍሏን መለካት ጀመረች። ሲንጀሩ ከመስኮቱ ሥር፣ የእሱ ሣጥን ከበሩ ጀርባ፣ ጠረጴዛው ቢጠጋ…

“ሰብስቤ” አለችው። “አልጋህ ሰፊ ነው አሉ።”

“ነው” አለ፣ ምን ልትል እንደሆነ ሳይገባው።

“በቤቴ በር አይገባም። ሽጠው። የኔ ለሁለታችን ይበቃናል።”